የቆዳ ፋቂው ፍየል

ሶርቻ ዴቨሮ የካሪክዳራን ኮረብታ ቁልቁል የምትሮጠው የወንድሟን ካፖርት ለብሳ፣ የመምህሯን ዋሽንት በብብቷ ሸጉጣ ነበር። መድፉ ዝም ብሏል። መድፍ ዝም ካለ ፈረሰኛ ይመጣል፤ ይህን ለመማር አንድ ጠዋት በቂ ነው። ግራና ቀኟ ሰው ይሮጣል። ጦሩን ጥሎ የሚሮጥ አለ፤ መጣሉን ረስቶ ባዶ እጁን እንደ ጨበጠ የሚሮጥም አለ። ከፊቷ የነበረው ረጅም ሰው የእሾህ አጥሩን ሊዘል እግሩን ሲያነሣ ፈረሰኛው ደረሰበትና ከትከሻው እስከ ደረቱ ሰነጠቀው። ሰውዬው አጥሩ ላይ እንደ ታጠበ ልብስ ተሰጥቶ ቀረ። ሶርቻ በሥሩ ሾልካ ቦይ ውስጥ ወደቀች። ደሙ ማጅራቷ ላይ ይንጠባጠባል፤ ገና ትኩስ ነው። ፈረሱ በላይዋ ዘሎ አለፈ።

ቦዩ ውስጥ ተጋድማ መጀመሪያ የዳበሰችው የገዛ አካሏን ሳይሆን የዋሽንቱን የአየር አቁማዳ ነበር። ጣቷ ቀዳዳ ውስጥ ገባ። ጥይቱ የመታው በግራ ክርኗና በጎድኗ መካከል ነው፤ ትንሽ ወደ ውስጥ ቢል ኖሮ የተበሳችው እሷ ነበረች።

«ይገድለኛል» አለች። ፈረሰኛውን ማለቷ አልነበረም። መምህሯን ማላኪ ፉርሎንግን ማለቷ ነው።

ያ ሰኔ አይሪሾች በእንግሊዝ ንጉሥ ላይ የተነሡበት ሰኔ ነው። ገበሬው አንጥረኛውን ጦር አስቀጥቅጦ፣ ጸጉሩን አሳጥሮ፣ አረንጓዴ ጨርቅ ባርኔጣው ላይ ሰክቶ ወጣ። የአካባቢው የጎበዝ አለቃ ማላኪ ቤት መጥቶ «ያለ ዋሽንት ሰው አይዋጋም» ሲለው፣ ማላኪ የሰለሉ እግሮቹን አሳየውና «ያለ እግርም አይዋጋም» አለው። እንግዲያውስ መሣሪያውን አውሰን ቢለው ተቆጣ። «ይህ ዋሽንት ሰርግ ያውቃል፣ ለቅሶ ያውቃል። ሰው መግደል አላስተማርኩትም፤ አላስተምረውምም።» ሶርቻ በሩ ሥር ቆማ ሰምታለች። ሰምታም፣ በማግሥቱ ማለዳ ሽማግሌው ሳይነቃ ከምስማሩ ላይ አውርዳ ወሰደችው።

ወንድሟ ሎርካን ካፖርቱን አልብሷት ባርኔጣውን እስከ ቅንድቧ ደፋባት። «እንደ ወንድ ተራመጂ» አላት።

«ይሄ እኮ ተቀምጠው ነው የሚጫወቱት።»

«እንግዲያው እንደ ወንድ ተቀመጪ።»

ሳቁ። አብረው ሲስቁ ያ የመጨረሻቸው ሆነ።

ሌላው ዋሽንት በአፍ ይነፋል። የክርን ዋሽንት ግን የሚተነፍሰው በክርን ነው፦ ቀኙ ክርን ወናፉን ይጫናል፣ ወናፉ አቁማዳውን ይሞላል፣ ግራው ክርን አቁማዳውን ይጨምቃል፣ ዜማው የሚወጣበት ዘንግ ጫፉ ጭን ላይ ይቆማል። ቆሞ የሚጫወተው የለም። ስለዚህ ኮረብታው አናት ላይ ባዶ የቅቤ በርሜል አምጥተው ከጦርነቱ መካከል አስቀመጧት። ሰው የሚያዋጋ ዜማ አታውቅም ነበር። እጇ የሚታመነው በአንድ የሰርግ ጭፈራ ላይ ብቻ ነው፤ «የቆዳ ፋቂው ፍየል» ይሉታል፣ ፍየል ሙሽሮቹ ፊት ስትፈነጭ የሚያስመስል። ምን ይደረግ፤ ሰዎቹ በፍየል ዜማ ተነሡ፣ በፍየል ዜማ ወደ መድፍ ሮጡ።

ሦስት ጊዜ ሮጡ። በመጀመሪያው ጊዜ ቀይ ኮት የለበሱትን የንጉሡን ወታደሮች መቱ፤ አንድ ወጣት መኮንን ከፈረሱ ላይ በጦር ሲያነሡት፣ እንደ ድርቆሽ ከፍ አድርገው ሲጥሉት አየች። በሁለተኛው መድፉ የብረት ቁርጥራጭ ተፋ። በሦስተኛው ሎርካን ወደ እሷ ተመለሰ። እየተራመደ መጣ፣ ፊቷ ተንበረከከ፣ ከአፍንጫው በታች ያለው ፊቱ የለም። ዓይኑ ግን ነበረ፤ ያያታል። በማላኪ ቤት ከመጀመሪያው ትምህርት ጀምሮ ሁለት ሕግ አለ፦ የተጀመረ ዜማ አይቋረጥም፤ በሚጫወት ሰው ላይ አይወራም። ሎርካን የሚያወራበት አፍ አልነበረውም። እሷም አላቋረጠችም። ዙሩን ጨርሳ እጇን ስትዘረጋለት ሞቶ ነበር። ይህን ለራሷ ይቅር አላለችም፤ ወደፊትም አትልም።

ከቦዩ ወጥታ፣ በአጥር ጥግ በጥግ እየተሹለከለከች የማላኪ ጎጆ ስትደርስ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ሽማግሌው ምድጃው ዳር ዝቅተኛ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ባዶውን ምስማር አያይም፤ በሩን ነው የሚያየው። አጠገቡ ያለው የአጃ ገንፎ ሳይነካ ደርቋል።

«ሎርካንስ?» አለ።

ራሷን ነቀነቀች።

«ነፍሱን ይማረው።» አማተበና እጁን ዘረጋ። ዋሽንቱን ሰጠችው። አቁማዳውን ሲዳብስ ጣቱ ቀዳዳው ላይ ቆመ። ሶርቻ ጥፊ ጠበቀች።

«ክርንሽ የት ጋ ነበር?»

«እዚህ ጋ፣ መምህር።»

«እዚህ ጋ ከሆነማ...» አለና አልጨረሰውም። ዋሽንቱን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «ካፖርቱን እሳት ውስጥ ክተቺው። ቀሚስሽን ልበሺ። አንገትሽንም ታጠቢ፣ ደም አለብሽ።»

«የኔ አይደለም።»

«የማንም ይሁን ታጠቢው።»

እሷ ስትታጠብ እሱ ሰም አሟሟቀ፣ ቁራጭ ቆዳ ፈለገ። ከሰው ልጅ በቀር ሁሉም ነገር የሚጠገን ይመስል ቀዳዳው ላይ አጎነበሰ።

«ምን ተጫወትሽላቸው?»

«የቆዳ ፋቂውን ፍየል።»

«ለጦርነት?»

«ሌላውን ጣቴ አያምነውም።»

«ሦስተኛው ዙር ላይስ?»

አንገቷን ማጠቧን ቀጠለች።

«ሶርቻ።»

«ሁለት» አለች።

ማላኪ ሳይወድ ሳቀ። «አዬ አንቺ ልጅ! መድፍም አላረመሽ?»

ይህ የሁለትና የሦስት ነገር የሰባት ዓመት ጭቅጭቃቸው ነበር። ዋሽንተኛ ሰባት ዓመት ይማራል፣ ሰባት ዓመት ይለማመዳል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚጫወተው ይላሉ። ሶርቻ ወላጆቿ በንዳድ ሞተው ማላኪን ልትጦር እዚህ ቤት ስትገባ፣ ተዘዋዋሪ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ከአሮጌ ቆርቆሮ የጠቀለለላትን ዋሽንት ይዛ ነበር። ማላኪ በዚያ አስጀመራት። «ጣትሽን አጋድሚው እንጂ አታቁሚው፤ ቀዳዳ የሚደፈነው በጣት ጫፍ ሳይሆን በጣት ሆድ ነው» እያለ፣ ስትሳሳት በዚያው ቆርቆሮ አንጓዋን ይላታል። በቆርቆሮው ላይ ቶሎ ጎበዘች። እዚያ ምላስ አለ፤ ጣት ሲሰንፍ ምላስ ድምፁን ይቆርጥለታል። ወደ ክርን ዋሽንት ስትሻገር ግን ምላስ የለም፣ ሥራው ሁሉ የጣት ነው። የፍየሉ ዜማ ሦስተኛ ዙር ላይ የታችኛው ድምፅ ሦስት ጊዜ መቆረጥ አለበት፤ ሦስት ጣት ተራ በተራ ብድግ፣ ብድግ፣ ብድግ። የሶርቻን የቀለበት ጣት በልጅነቷ ላም ረግጣባታለች። ሁለቱ በጊዜያቸው ይነሣሉ፤ ሦስተኛው ሲዘገይባት ጉድለቱን ልትሸፍን ወደ ላይኛው ድምፅ ትዘልና ተመልሳ ትወድቃለች። እንዴት እንደምትዘል እሷ ራሷ አታውቀውም፤ ሲደርስ ጣቷ ነው የሚያደርገው። የሚያውቀው ማላኪ ነበር። በሰማው ቁጥር የጥርስ ሕመም እንዳለበት ሰው ፊቱን ያኮማትራል።

ሰሙ ገና ሳይደርቅ የፈረስ ኮቴ ተሰማ።

አስር የሚሆኑ የሚሊሻ ፈረሰኞች ነበሩ፤ ከኋላቸው አንድ ጋሪ። ጋሪው የጎረቤታቸው የመንኮራኩር ሠሪው የፒርስ ሮች ነው፤ ፒርስ ራሱም ጋሪው ላይ ተጋድሟል። አንገቱ ዙሪያ ጥቁር ክብ አለ። በገዛ ደጁ ላይ ፊቱ እስኪጠቁር ሰቅለው፣ ሊሞት ሲል አውርደው፣ «ዋሽንተኛው ማነው?» ብለው፣ እንደገና ሰቅለውታል። በመጨረሻው ላይ የሚያውቀውን ብቸኛ ስም ተናገረ።

«ማላኪ፣ ይቅር በለኝ» አለ። ድምፁ ከጉሮሮው ሳይሆን ከሌላ ቦታ የሚመጣ ይመስላል።

«ምኑን?» አለ ማላኪ። «ሶርቻ፣ ውሃ ስጪው።»

«ማን ፈቀደ?» አለ ካፒቴን ታውንሊ ከፈረሱ ወርዶ። የአካባቢው መሬት ጌታ ልጅ ነው፤ ማላኪ ለእናቱ ሰርግ ተጫውቷል። ዛሬ ጠዋት በጦር ተነሥቶ የተጣለው ወጣት መኮንን ታናሽ ወንድሙ ነበር። የወንድሙ ደም አሁንም እጅጌው ላይ አለ፤ አልታጠበውም። ሶርቻ ያንን ደም አይታ፣ ለአንድ አፍታ፣ አዘነችለት። ወዲያው ለፒርስ የያዘችውን የውሃ ቅል ከእጇ በአለንጋ መትቶ ሲጥለው ሐዘኗ አብሮ ወደቀ።

«ዋሽንትህን አምጣ» አለው ማላኪን።

ማላኪ ጭኑ ላይ ያለውን አሳየ። መደበቂያ ጊዜ አልነበረም። ካፒቴኑ ወደ ኋላ ዞሮ «ሳጅን» ሲል አንድ ትልቅ፣ ጢሙ የቀላ ሰው ራሱን ጎንበስ አድርጎ ገባ። የስኮትላንድ ደጋ ሰው ነው፣ ሳጅን ማክፊ ይባላል፤ ለክፍለ ጦሩ የአፍ ዋሽንት የሚነፋው እሱ ነው። አቁማዳውን ዳበሰ፣ ሰሙን በጥፍሩ ጫን አደረገው። ሰሙ ለስላሳ ነው።

«ኮረብታው ላይ የነበረው ይሄ ነው» አለ።

«አለቀ። አንጠልጥሉት።»

«ጌታዬ፣ ዋሽንቱ ነበረ። ሰውዬው ግን መኖሩን እንጃ።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ጠዋቱን ሙሉ ስሰማው ነበር። አንድ ዜማ ነው የሚደጋግመው፤ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ይሳሳታል፣ በአንድ ዓይነት መንገድ። ተማሪ ነው። የዚህን ሽማግሌ ጣቶች ግን ይመልከቷቸው። ይህ ሰው ዕድሜ ልኩን ተሳስቶ አያውቅም። ዋሽንቱን ያዋሰው ለተማሪው ነው።»

ሶርቻ ግድግዳውን ተደገፈች። ካፒቴኑ ወንበር ስቦ ማላኪ ፊት ተቀመጠ፤ ቀስ ብሎ ነው የተናገረው።

«ስማኝ ሽማግሌ። ወንድሜ በዚያ ዜማ ነው የሞተው። ስትጫወት እሰማሃለሁ። ሳጅኑ አንተ አይደለህም ካለ የተማሪህን ስም ትነግረኛለህ። ካልነገርከኝ ከዚህ በር ጀምሬ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ አቃጥላለሁ፤ ዋሽንት የነካን ሁሉ ጣቱን እየቆረጥኩ እጠይቃለሁ። መጀመሪያ ከዚህች ልጅ እጀምራለሁ።»

«እኔ ነኝ የተጫወትኩት» አለ ማላኪ። «በጋሪ ወሰዱኝ። ዋሽንተኛው ተቀምጦ አልነበረም? ሽባ ከመቀመጥ ሌላ ምን ያውቃል?»

«አሰማና።»

«አቁማዳው ይተነፍሳል፣ ጌታዬ። ሰሙ አልደረቀም። ልጅቷ ቀዳዳውን ትያዝልኝ።»

ካፒቴኑ በአገጩ ፈቀደ። ሶርቻ መጥታ አጠገቡ ተንበረከከች፣ መዳፏን በክርኑ ሥር አስገብታ ቀዳዳው ላይ ጫነች። ወናፉ አየር ሲስብ፣ አቁማዳው ሲያብጥ፣ ነፋሱ በመዳፏ ሥር ሲገፋ ይሰማታል። «መምህር...» ብላ ጀመረች።

«በሚጫወት ሰው ላይ አይወራም» አላት። ጀመረም።

እንዲያ ሲጫወት ሰምታው አታውቅም። ፍየሏ ወጣች፣ ቤቱ ውስጥ ፈነጨች፣ በበሩ በኩል የቆሙት ሚሊሻዎች እግር ሳያውቁት መሬቱን መታ። የመጀመሪያው ዙር እንከን የለውም፣ ሁለተኛውም። ሳጅኑ ዓይኑን ጨፍኗል። ሶርቻ ሁለት ነገር በአንድ ልብ ተመኘች፤ ሦስቱን አስተካክሎ እንዲቆርጥና እንዲድን፣ ደግሞም እንዳይቆርጥ። መመኘቷን ስታውቅ አፈረች።

ሦስተኛው ዙር መጣ። የማላኪ ጣቶች ተነሡ፤ ብድግ፣ ብድግ። ከዚያ ወደ ላይ ዘለለና ተመልሶ ወደቀ።

መዳፏ ሥር ያለው ነፋስ እንኳ የተሰናከለ መሰላት። እንደገና ዙሩ ሲመጣ እንደገና፤ ያው መዝለል፣ ያው መውደቅ፣ የጊዜው መዘግየት ሳይቀር። ሰባት ዓመት ያደረገችውን ነገር ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከውጭ ሆና ሰማችው። ይህን ያህል ያዳምጣት እንደነበር አታውቅም ነበር። ፊቱን አየችው፤ አልተኮማተረም። ዜማውን እስከ መጨረሻው ወስዶ ዘንጉን ጭኑ ላይ ጫን ሲያደርገው ድምፁ ጸጥ አለ።

ሳጅን ማክፊ ዓይኑን ገለጠ። የእሱ የደጋ ቋንቋና የማላኪ ቋንቋ የእኅትማማቾች ልጆች ናቸው፤ ካፒቴኑ ሁለቱንም አይሰማም። በዚያ ቋንቋ፣ በአክብሮት፣ እንዲህ አለው፦

«አባቴ፣ እንዲህ ያለ ስሕተት ለማጥናት ስንት ጊዜ ይፈጅብዎታል?»

«ሰባት ዓመት» አለ ማላኪ።

«ምን አለ?» አለ ካፒቴኑ።

ሳጅኑ ጢሙን ዳበሰ። «እኔ ነኝ አለ፣ ጌታዬ። እሱ ነው።»

ካፒቴኑ ተነሣ፣ ሰይፉን መዝዞ አቁማዳውን ቀደደው። የታመቀው ነፋስ በአንድ ጊዜ ወጥቶ የሶርቻን ፊት መታት። ወናፉን፣ ቱቦዎቹን፣ ዘንጉን ሰብስቦ ምድጃው ውስጥ ከተተ። ማላኪ ያኔ ብቻ ዓይኑን ጨፈነ።

«እኔ ነኝ!» አለች ሶርቻ። «እኔ ነኝ የተጫወትኩት። እሱ ከዚህ ቤት አልወጣም።»

ማላኪ በእጁ ጀርባ አፏን መታት። ከንፈሯ ተሰነጠቀ። «ይቅርታ ያድርጉላት፣ ጌታዬ። ዛሬ ወንድሟ ሞቶባት ትቀባዥራለች።»

«ወንድሜ ሞቷል፤ ግን አልቀባዠርኩም። ካፖርቱ ያው እሳት ውስጥ ነው። በቅቤ በርሜል ላይ ነበር የተቀመጥኩት።»

ሚሊሻዎቹ ሳቁ። «ቀሚስ ለባሽ ጄኔራል» አለ አንዱ። ካፒቴኑ ግን አልሳቀም። መደርደሪያው ላይ ያለውን የቆርቆሮ ዋሽንት አንሥቶ ወረወረላት። «እንግዲያው አሳዪኝ።»

ወለሉ ላይ ተንበርክካ፣ ደም ባለበት አፏ ቆርቆሮውን ያዘች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመሳሳት ተጫወተች። ሦስተኛው ዙር ሲደርስ ጣቷን አዘገየችው፣ ወደ ላይ ዘለለች፤ ግን ያ አልሆነም። ምላሷ ሳትፈልገው ገብቶ ድምፁን አስተካከለው። እንደገና ሞከረች፤ አሁን ደግሞ በጣም ቀደመች። ለሦስተኛ ጊዜ ስትሞክር ሌላ ስሕተት ወጣ፣ የማንም ያልሆነ። ስሕተቷ ያለው እሳቱ ውስጥ በሚነደው የክርን ዋሽንት ላይ ነበር፤ የሚያውቀውም ሰው አጠገቧ ተቀምጦ ነበር፤ እሷ አታውቀውም። አለቀሰች፤ ከሐዘን ይልቅ ከንዴት።

ሳጅን ማክፊ የቆርቆሮውን ዜማ አልነበረም የሚያየው። ቀዳዳዎቹ ላይ የተጋደሙትን ጣቶቿን ነበር፤ በጣት ሆድ እንጂ በጣት ጫፍ አልተደፈኑም። እንደዚያ የሚይዘው የክርን ዋሽንት የተማረ ብቻ ነው። የቀለበት ጣቷንም አየ። ብዙ አየው።

«ይህችስ?» አለ ካፒቴኑ።

«አይደለችም» አለ ሳጅኑ፣ ወደ ሌላ ቦታ እያየ።

ማላኪን በፒርስ ሮች ጋሪ ላይ ሰቀሉት። በዚያ ሰኔ መስቀያ ዛፍ ፍለጋ የሚሄድ የለም፤ ጋሪው በኋላው ይቀመጣል፣ ሁለቱ ረጃጅም እንጨቶች ወደ ሰማይ ይቆማሉ፣ ገመዱ በመካከላቸው ይታሰራል። ፒርስ ጋሪውን በገዛ እጁ ነው የሠራው። አስገድደው እንጨቱን አስያዙት፤ ዓይኑን ጨፍኖ ያዘ።

«ተነሥ» አለው አንዱ ሚሊሻ ማላኪን።

«በእግሬ እንድሄድ ከፈለጋችሁ ብዙ ትጠብቃላችሁ» አለ ማላኪ።

ሁለት ሆነው ተሸክመው አወጡት። በሶርቻ አጠገብ ሲያልፉ አንገቱን ወደ እሷ አዘነበለ። ቃል ኪዳን ወይ ስንብት የምትሰማ መስሏት ነበር።

«በቆርቆሮው ላይ ሦስቱ ጥሩ ነበሩ» አላት። «የቀለበቱን ጣት ግን ጠዋት ጠዋት በሞቀ ውሃ እሺው።»

ክብደቱ ቀላል ስለነበረ ቶሎ አልሞተም። የሰለሉት እግሮቹ አልተንፈራገጡም፤ ትግሉ ሁሉ ከወገቡ በላይ ነበር፣ ክርኖቹ ከጎኑ ጋር እየተጫኑ ሲላቀቁ፣ እየተጫኑ ሲላቀቁ። ሶርቻ ዞር አላለችም። ለሎርካን ያላደረገችውን ለእሱ አደረገች፦ እስኪያልቅ ድረስ አየችው። ከዚያ ሚሊሻዎቹ የጎጆውን ሣር ክዳን ለኩሰው ወደ ፈረሶቻቸው ሄዱ። ሳጅን ማክፊ የመጨረሻው ነበር። ከመሬት የቆርቆሮውን ዋሽንት አንሥቶ፣ ደሙን በኮቱ ጠርጎ፣ ሳያያት እግሯ ሥር አኖረው። ፒርስ ሮችና ሶርቻ ሽማግሌውን አወረዱት። ፒርስ አንገቱ ስለማይዞርለት ጎንበስ ማለት አቃተው፤ መቃብሩን የቆፈረችው እሷ ናት።

ሌላ የክርን ዋሽንት እስክታገኝ ብዙ ክረምት አለፈ፤ ከካሪክዳራ ማዶ ባለ ሠፈር አግብታ፣ ወልዳ፣ መበለት ሆና ነው ያገኘችው። ጠዋት ጠዋት ጣቷን በሞቀ ውሃ ታሻለች። አንድ ቀን ብቻዋን ስትጫወት፣ ሳታስበው፣ የቀለበት ጣቷ በጊዜው ተነሣ። ሦስት ሆነ፤ ንጹሕ፣ እንከን የሌለው ሦስት። ዋሽንቱን አስቀምጣ ውጭ ወጥታ እስኪመሽ ቆመች። ዳግመኛ እንዲያ አላደረገችውም።

ተማሪዎች ነበሯት። ከሁሉም ፈጣኗ ብሪጂት የምትባል የአንጥረኛ ልጅ ናት፤ ጣቶቿ የታዘዙትን ሁሉ ይሠራሉ። የቆዳ ፋቂውን ፍየል በተማረች በሳምንቱ ሦስተኛው ዙር ላይ ሦስት ቆረጠች፣ ፈገግ ብላም ቀና አለች።

«ሁለት» አለች ሶርቻ። «ከዚያ ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ታች።»

«እትዬ፣ ሦስት ሲሆን አያምርም?»

«ያምራል» አለች ሶርቻ። የልጅቷን የቀለበት ጣት በቆርቆሮው ዋሽንት ቀስ አድርጋ መታችው። «ሁለት ነው።»